«አልወጣም» ያለው ያሸንፋል፦ የጋሼና የእትዬ አራት የካያክ ጉዞዎች

ጋሼና እትዬ ከ2022 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ለእረፍት ወደ ገደላማ የባህር ዳርቻ ሄደዋል። በድምሩ 45 ቀን ነው። ከ45ቱ ካያክ ላይ (በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ ናት) ወጥተው የቀዘፉት 29 ቀን ብቻ ነው። የቀረውን 16 ቀን ዳር ላይ ቁጭ ብለው ባህሩን እያዩ አሳለፉት።

ይሄን ቁጥር አስቀድሜ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ስለ እነሱ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ አቅማቸው ነው። «በዚህ ዕድሜ እንዴት ቻሉት?» ይለኛል። አቅም ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን እነዚህን ሁለት ሰዎች አራት ጊዜ ወደ ባህር ወስዶ አራት ጊዜ በደህና የመለሳቸው ያ 16 ቀን ነው። አንድ ቀን 17ኛ መሆን ሲገባው ሳይሆን ቀረ። ይሄ ጽሑፍ በዋናነት ስለዚያች ቀን ነው።

እኔ የካያክ አስተማሪ ነኝ። ሁለቱንም ከሀ ጀምሮ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ በሦስተኛው ጉዞም አብሬያቸው ነበርኩ። ስለዚህ ከዳር ቆሜ አይደለም የምጽፈው፣ በተሠራው ስህተት የእኔም ድርሻ አለበት። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ሁልጊዜ በምጠራቸው በጋሼና በእትዬ ልቀጥል። ጽሑፉን አንብበው ፈቅደውልኛል። እትዬ ሁለት ቦታ ላይ አርመውኛል።

ሲጀምሩ

ሲጀምሩ ጋሼ 67፣ እትዬ 64 ዓመታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተራራ ሲወጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ተራራውን ያስቆማቸው የእትዬ የግራ ጉልበት ነው፤ ዳገቱን ይችለዋል፣ ቁልቁለቱን ግን አይችልም። ካያክ ውስጥ እግር ተዘርግቶ ነው የሚቀመጡት፣ ጉልበት ላይ ክብደት አያርፍም። «እግሬ እምቢ ካለ በእጄ እሄዳለሁ» ብለው መጡ።

የጋሼ ችግር ደግሞ የቀኝ ትከሻቸው ነው። የቆየ ጉዳት አለበት፣ ክንዳቸውን ከጆሯቸው በላይ ሲያነሱት ይወጋቸዋል። ከዚህ ሌላ ለደም ግፊት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ። ስለ መድኃኒቱ ኋላ እመለስበታለሁ፣ ያኔ የሰጠሁት ቦታ በጣም ትንሽ ነበር።

ብዙ ሰው መቅዘፍ የክንድ ሥራ ይመስለዋል። ኃይሉ የሚመጣው ግን ከወገብ ነው። ወገብ ይዞራል፣ እጅ መቅዘፊያውን ይዞ ይከተላል። ወጣት ሲሆኑ በክንድ ብቻ እየጎተቱም ሁለት ሰዓት ይኬዳል፤ ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል። በ67 ዓመት ስህተቱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ትከሻ ላይ ይታያል። ስለዚህ አዛውንት ተማሪ ብዙ ጊዜ ከወጣቱ ቶሎ ትክክለኛውን አቀዛዘፍ ይይዛል፤ ሰውነቱ አማራጭ አይሰጠውም። ለጋሼ መቅዘፊያውን ራሱን ቀየርነው። ካያክን የፈጠሩት የአርክቲክ ሕዝቦች ናቸው፣ ከእነሱም የግሪንላንድ አዳኞች ጠባብና ረጅም የእንጨት መቅዘፊያ ይጠቀሙ ነበር። ይሄ መቅዘፊያ ውሃውን በለስላሳው ነው የሚይዘው፣ ትከሻን ድንገት አይነጭም። እጅም ዝቅ ብሎ ይሠራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጋሼ «ማታ ማታ የሚጠዘጥዘኝ ቀረ» አሉኝ።

ከዚያ የጀልባው ጉዳይ መጣ። ለባልና ሚስት ሁሉም ሰው የሚመክረው ባለ ሁለት መቀመጫውን ካያክ ነው። ይፈጥናል፣ አይወላውልም፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀዝፋል። የመጀመሪያውን ጉዞ፣ የ2022ቱን፣ አንድ አስጎብኚ ድርጅት በመደበላቸው እንዲህ ያለ ጀልባ ነው የሄዱት። ስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ አሪሴግ አካባቢ። ለጀማሪ ከዚያ የሚሻል ቦታ ብዙ የለም፦ ትናንሽ ቋጥኝ ደሴቶች ከፊት ተደርድረው የውቅያኖሱን ሞገድ ይከለክላሉ፣ መሃል መሃል ላይ ነጭ አሸዋ አለ፣ አቆስጣዎች ድንጋይ ላይ ተጋድመው ያያሉ። ዘጠኝ ቀን ቆይተው ሰባቱን ቀን ቀዘፉ። ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

እኔ ግን ሲመለሱ ሁለት ነጠላ ካያክ እንዲይዙ ገፋፋኋቸው። ምክንያቴ አንድ ነው። ባለ ሁለቱ ሲገለበጥ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ናቸው። ሁለት ነጠላ ከሆነ ግን አንዱ ሲገለበጥ ሌላው ደረቅ ነው፣ እጁም ይሠራል፣ ጀልባውም መደገፊያ ይሆናል። እትዬ ከጋሼ ቀስ ስለሚሉ ፍጥነቱ በእሳቸው ልክ ይሆናል ማለት ነው። ጋሼ መጀመሪያ ላይ ይሄ አልጣማቸውም። አሁን አያነሱትም።

ባህሩ ጥሏቸው ሄደ

ሁለተኛው ጉዞ በ2023 የፈረንሳይ ብሪታኒ ሰሜናዊ ዳርቻ ነበር፤ ብሬያ የምትባለው ደሴት አካባቢ። እዚያ ድንጋዩ ቀይ ነው፣ ባህሩ ደግሞ በጣም ይሞላል በጣም ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 10 ሜትር ይደርሳል። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ቁመት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ።

ቀዛፊዎች ይሄን የሚያሰሉበት ቀላል ዘዴ አለ። ባህሩ ሞልቶ ለመጉደል ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ይወስድበታል። ጠቅላላውን ለ12 ትካፈሉታላችሁ፤ በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ ይወርዳል፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3፣ በአራተኛው 3፣ በአምስተኛው 2፣ በመጨረሻው 1። 10 ሜትር ሲሆን መሃል ላይ ባሉት ሁለት ሰዓቶች ብቻ 5 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ሁለቱም ይሄን በቃላቸው ያውቁታል፣ ተፈትነውበታል። ወረቀት ላይ ማወቅ ግን ሌላ ነው።

በአራተኛው ቀን አንዲት ትንሽ የዳርቻ ጉያ ውስጥ ገብተው ለእረፍት ወረዱ። ውሃው ከጀልባዎቹ አፍንጫ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። ትንሽ ጋደም አሉ። ጋሼ ቀና ሲሉ ባህሩ የለም። እትዬ ሲነግሩኝ «ሰው መጋረጃ የገለጠ መሰለኝ» ነው ያሉት። ከጀልባዎቹ እስከ ውሃው ድረስ 300 ሜትር ገደማ ጭቃና አልጌ የለበሰ ድንጋይ ተዘርግቷል።

እዚህ ጋ ነው ጉዳዩ። ባዶ ነጠላ ካያክ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዕቃ ሲሞላ እጥፍ ይሆናል። አዛውንት ቀዛፊ በብዛት የሚጎዳው ባህር ላይ ሳይሆን ጀልባ ተሸክሞ በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ሲራመድ ነው። ቁርጭምጭሚት፣ ዳሌ፣ ወገብ። ጋሼ የመጀመሪያውን ጀልባ እጀታ ይዘው ብድግ ሲያደርጉ እትዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ አልሸከምም። ባህሩ ራሱ ይመጣል» አሉ። ጋሼ ትንሽ ተከራከሩ፤ ከዚያ እሳቸውም ቁጭ አሉ።

አምስት ሰዓት ጠበቁ። ድንጋዩ ሥር ባሉት ጉድጓዶች ውስጥ የቀሩትን ሸርጣኖች አዩ፣ አንቀላፉ፣ ስለ ልጆቻቸው አወሩ። ውሃው ተመልሶ መጥቶ ጀልባዎቹን ራሱ አነሳቸው። እትዬ ከአራቱ ጉዞ ምርጡ ከሰዓት ያ ነው ይላሉ።

ያን ዕለት ማታ ነው ሕጋቸውን ያወጡት። ከሁለት አንዱ «አልወጣም» ካለ በቃ፣ ያን ቀን አይወጣም። ምክንያት አይጠየቅም። ማግባባት የለም። ማኩረፍም የለም። ስሰማው በጣም ወደድኩት፤ ለሌሎች ተማሪዎቼም አስተማርኩት። ግን ሕጉ ቀዳዳ እንዳለው ያኔ አልታየኝም።

ያቺ ቀን

ሴፕቴምበር 2024፣ እንደገና ስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ። በዚህኛው ጊዜ በደሴቶች የተከለለው ቦታ ሳይሆን ለውቅያኖሱ የተጋለጠው ክፍል ነበር፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። በስኮትላንድ የ2003ቱ የመሬት ሕግ ማንም ሰው ጠንቀቅ ብሎ እስከተጠቀመ ድረስ በአብዛኛው መሬትና ውሃ ላይ የመንቀሳቀስ መብት ይሰጠዋል፤ ስለዚህ የወደድነው ቦታ ላይ ድንኳን እየተከልን ነበር የምንሄደው። አምስት ቀን ቀዝፈን ሦስት ቀን በንፋስ ምክንያት ተቀምጠናል። ዘጠነኛው ቀን የመጨረሻው የመቅዘፊያ ቀን ነበር፣ በማግስቱ ወደ ቤት ጉዞ ነው። መኪናችንን ወደ ደቡብ፣ ከአንድ ትልቅ ገደል ማዶ አቁመናት ነበር።

ያቺን መኪና አስታውሱልኝ።

ዕቅዱ ጥሩ ነበር። ወደ ባህሩ የወጣውን የገደሉን አፍንጫ 5 ሰዓት ላይ እናልፋለን፤ በዚያን ሰዓት ባህሩ ሞልቶ ጨርሶ ገና መጉደል ስላልጀመረ ውሃው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እዚያ ለመድረስ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት አለብን። ትንበያው ንፋሱ ከደቡብ ምዕራብ እንደሚመጣ፣ ከቀትር በፊት ወደ ደረጃ 4 ማለትም ከ11 እስከ 16 ኖት እንደሚጠነክር ይናገራል። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ደረጃ 4 ለእኔ ብቻዬን ከሆንኩ ደስ የሚል ቀን ነው። ለእነሱ የመጨረሻው ወሰን ነው።

ጀልባ የምንጎትትበት ጋሪ ጎማ ተነቀለ። እሱን ስንጠግን፣ ዕቃ ስናወርድ፣ እንደገና ስንጭን 50 ደቂቃ ሄደ። ሰዓቱ 4 ከ20 ሆኗል። እትዬ የጀልባውን አፍ የሚዘጋውን ቀሚስ መሰል ልብስ ወገባቸው ላይ እያሰሩ፣ ወደ ባህሩ እያዩ፣ ቀስ ብለው «ዛሬ ሆዴ አልወደደውም» አሉ።

ጋሼ «መኪናው እኮ እዚያ ነው» አሉ።

እኔ ጎንበስ ብዬ ገመድ እያጠበቅኩ ነበር። ሰምቻለሁ። ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ሕጋቸውን አውቃለሁ። «እትዬ፣ አልወጣም ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። አልጠየቅኩም። ገመዱን አጥብቄ ጨረስኩና ጀልባዬን ወደ ውሃው ገፋሁ።

አፍንጫው ጋ የደረስነው 6 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በዚያን ሰዓት ባህሩ መጉደል ጀምሮ ውሃው ወደ ደቡብ ይፈሳል። ንፋሱ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። ንፋስና ፍሰት ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ እንደ ደረጃ። ከዚህ ላይ ደግሞ ገደሉ አለ። የአሸዋ ዳርቻ ሞገድን ይውጠዋል። ገደል ግን ይመልሰዋል። የሚመጣውና የሚመለሰው ሞገድ ሲገናኙ ውሃው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ነው የሚዘለው፤ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። የገደላማ ዳርቻ ባሕርይ ይሄ ነው። አንዳንድ ሰው ስለ እነሱ ሲያወራ ፖላንዳዊውን አሌክሳንደር ዶባን ያነሳል፤ በ2017 በ70 ዓመቱ አትላንቲክን ለሦስተኛ ጊዜ በካያክ የተሻገረውን። ታላቅ ሰው ነው፣ በ2021 በ74 ዓመቱ ኪሊማንጃሮ ጫፍ ላይ ነው ያረፈው። ግን የእሱ ካያክ ለውቅያኖስ ተብሎ የተሠራና የሚተኛበት ነበር፣ መሃል ውቅያኖስ ላይም የሚላተሙበት ድንጋይ የለም። ሁለቱን ማወዳደር አይገባም። አዛውንት ባልና ሚስት በነጠላ ካያክ ገደል ሥር ሲሄዱ የሚፈራው ጥልቀቱና ርቀቱ ሳይሆን ዳሩ ነው።

ከፊታቸው 60 ሜትር ያህል ቀድሜ ነበር። ይሄም ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። ዞር ስል የጋሼ ካያክ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ አየሁት። ኋላ እንደነገሩኝ ሁለት ሞገድ ከሥራቸው ተገናኝቶ ብድግ አደረጋቸው፣ በቀኝ በኩል ሊደገፉ መቅዘፊያቸውን ሲያሳርፉ ውሃ የለም፣ አየር ነው። በቃ።

የውሃው ሙቀት 13 ዲግሪ ገደማ ነበር። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ተማሪዎቼን የማስተምረው 1፣ 10፣ 1 በሚባለው ሕግ ነው። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትወድቁ መጀመሪያ ትንፋሻችሁን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ አላችሁ፤ ሰውነት ሳይጠየቅ ራሱ አየር ይስባል፣ ያኔ አፍ ውሃ ውስጥ ከሆነ አደጋ ነው። ከዚያ እጅና እግር የሚታዘዝላችሁ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ራስ እስኪስቱ 1 ሰዓት ገደማ አለ። ጋሼ ውሃ የማያስገባውን ልብስ ከውስጥ ሙቅ ልብስ ጋር፣ ከላይም ሕይወት አድን ጃኬቱን ለብሰው ስለነበር ጊዜያቸው ከዚህ ይረዝማል። እጃቸው ግን ባዶ ነበር። ጓንት አይወዱም።

እትዬ አምስት ሜትር ላይ ነበሩ። እኔ ስደርስ የጋሼን ጀልባ አፍንጫ ይዘዋል። «መቅዘፊያውን ለእኔ ስጠኝ! የእኔን ጀልባ ያዝ! ተንፍስ!» ይላሉ። ያንን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የተገለበጠውን ጀልባ አፍንጫ በራሳቸው ጀልባ ላይ ጎትተው ውሃውን አፈሰሱት፣ ገለበጡት፣ ጎን ለጎን አቆሙት። 90 ሴኮንድ አልፈጀባቸውም።

ንፋሱ ወደ ገደሉ እየገፋን ስለነበር የመጎተቻ ገመዴን የእትዬ ጀልባ ላይ ቆልፌ ወደ ውጭ መቅዘፍ ጀመርኩ። እዚያ ጋ ሥራው የእትዬ ሆነ ማለት ነው፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ።

ጋሼ በጀልባው ጀርባ ላይ ሊወጡ ሞከሩ። ወጣት ሰው እግሩን እየመታ በክንዱ ራሱን ስቦ ይወጣል። የጋሼ ትከሻ እምቢ አለ። እንደገና ሞከሩ፣ ግማሽ ድረስ ወጥተው ተመልሰው ሰጠሙ። ያኔ እትዬ ገመዱን አወጡ። ገመዱ ምንም አይደለም፤ ሁለት ጫፉ ተቋጥሮ ቀለበት የሆነ አራት ሜትር ገመድ ነው። የመቀመጫውን አፍ ያስሩበታል፣ የቀረው ውሃ ውስጥ እንደ እርካብ ይንጠለጠላል። የወደቀው ሰው እግሩን አስገብቶ ይቆምበታል። ክንድ የማይችለውን ጭን ይችለዋል። ጋሼ የተራራ ሰው ናቸው፣ ጭናቸው ጠንካራ ነው። ቆሙበት፣ በሆዳቸው ጀልባው ላይ ተኙ፣ ተንሸራተው ገቡ። ውሃ ውስጥ 9 ደቂቃ ያህል ቆይተዋል። ያንን ገመድ ረጋ ባለ ውሃ ላይ ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር የተለማመዱት። ሦስተኛውን ጊዜ ጋሼ «ይበቃናል» ሲሉ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው ያስደገሟቸው እትዬ ናቸው።

ገመዴን ፈትቼ ስመለስ ጋሼ ያንን ቀሚስ ሊዘጉ እየታገሉ ነበር። ጣቶቻቸው ነጭ ሆነዋል፤ ጠርዙን ያዩታል፣ ይነኩታል፣ ግን አይጨብጡትም። ጎበዝ እጅ ያላቸው ሰው ናቸው፣ የቤታቸውን በርና መስኮት ራሳቸው ነው የሠሩት። ጎንበስ ብዬ እኔ ዘጋሁላቸው። አላዩኝም።

በሬዲዮ ቻናል 16 ፓን-ፓን አልኩ፤ ይሄ አስቸኳይ ነገር አለ፣ ገና የሞት ሽረት ግን አይደለም ማለት ነው። የጠረፍ ጠባቂዎቹ ስንት እንደሆንን፣ ዕድሜያቸውን፣ ምን እንደለበሱ ጠየቁኝ፣ መሬት እስክንረግጥ በየ15 ደቂቃው እየጠሩ አነጋገሩኝ። አፍንጫውን ለመዞር አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነበር የቀረው። ተመለስን። ንፋሱ ከኋላ ሆነ፣ ከአፍንጫው ስንርቅ ፍሰቱም ደከመ፣ በ40 ደቂቃ ጠጠር የሞላባት አንዲት ጉያ ውስጥ ገባን። እትዬ መንገዱን ሁሉ ከጋሼ ጎን አልተለዩም፣ እያወሩ ነበር፤ የሚያወሩት ምን እንደሆነ አልሰማሁም።

ዳር ላይ ንፋስ የሚከለክል ትልቅ የናይለን ከረጢት አለን፣ ሦስታችንም ውስጡ ገባን። እርጥቡን ልብስ አወለቅን፣ ደረቅ አለበስናቸው፣ ከቴርሞሱ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ጠጡ። ይንቀጠቀጡ ነበር። መንቀጥቀጡ ጥሩ ነው፣ ሰውነት ገና እየታገለ ነው ማለት ነው፤ የሚያስፈራው ሰውየው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው። እጃቸውን አላሸናቸውም፣ ዝም ብለን አቅፈን ያዝናቸው።

መኪናዋን በማግስቱ ታክሲ ተሳፍሬ ሄጄ አመጣኋት። 25 ደቂቃ ነው የፈጀብኝ።

ማታ የተባለው

ያን ዕለት ማታ ጋሼ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁ። እትዬ አንድ ነገር ነው ያሉት። «እኔ እኮ አልወጣም ብያለሁ። ድምፄ ነው ያነሰው።»

ይሄን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የሕጉ ቀዳዳ እሱ ነው። «አልወጣም» የሚል ቃል ይጠብቃል። ሰው ግን፣ በተለይ 40 ዓመት አብሮ የኖረ ሰው፣ አልወጣም አይልም። «ሆዴ አልወደደውም» ይላል። «ሰማዩን አየኸው?» ይላል። ዕቃውን ቀስ ብሎ ይጭናል። ሌላኛው ደግሞ ሊሰማው የማይፈልገውን ቃል ካልተባለ አልሰማሁም ለማለት ይችላል። ጋሼም፣ እኔም ያደረግነው ያንን ነው።

ስለዚህ ሕጉን ቀየሩት። አሁን ጠዋት ጠዋት ጀልባው ጋ ሳይሆን፣ ከጀልባው ራቅ ብለው፣ የመቅዘፊያ ልብስ ሳይለብሱ ይጠያየቃሉ። ልብሱን የለበሰ ሰው ግማሽ ልቡ ባህር ውስጥ ነው። ጋሼ ይጠይቃሉ፣ እትዬ መጀመሪያ ይመልሳሉ፣ መልሱ «እወጣለሁ» ወይም «አልወጣም» ብቻ ነው። ሌላ ነገር ከተባለ እንደ አልወጣም ይቆጠራል። ሦስተኛ ሰው አብሯቸው ካለም ይጠየቃል፤ እኔ ዝም ማለት አልችልም።

መኪና ማዶ ማቆምም ቀረ። አንድ ቦታ ሰፍረው ወጥተው ወደዚያው ይመለሳሉ። ማዶ የሚጠብቅ ነገር ካለ ባህሩን እያዩት አያዩትም። የመመለሻ ሰዓታቸውን ደግሞ ጀልባው ላይ፣ ፊት ለፊታቸው፣ በነጭ ፕላስተር ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ የትም ይሁኑ ይዞራሉ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ጋሼ ሐኪማቸው ጋ ሄደው ሁሉን ነገሩ። ከሚወስዱት አንዱ ቤታ ብሎከር ከሚባለው ወገን ነው፣ እሱ እጅና እግርን ያቀዘቅዛል። ጣታቸው ቶሎ የከዳቸው በውሃው ብቻ ላይሆን ይችላል። ሌላው ውሃ የሚያሸናው ክኒን ነው። ይሄን ማንም አያነሳውም፣ ግን የአዛውንት ቀዛፊን ካርታ የሚወስነው እሱ ነው። ጋሼ በየሰዓት ተኩሉ መውረድ አለባቸው። ገደላማ ዳርቻ ላይ ደግሞ በየሰዓት ተኩሉ የሚወረድበት ቦታ የለም። ያኔ ምን ያደርጉ ነበር መሰላችሁ? ጠዋት ውሃ አይጠጡም ነበር። አፍረው ለእኔ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በዕድሜ ጥማት ራሱ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ በባዶ ሆድ፣ ውሃ ሳይጠጡ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቀዝፈው ነው ያ ገደል ሥር የደረሱት። አሁን ሐኪሙ በመቅዘፊያ ቀን ክኒኑን የሚወስዱበትን ሰዓት አስተካክሎላቸዋል፣ ከፊት ለፊት ዚፕ ያለው ልብስ ገዝተዋል፣ መንገዱ የሚመረጠው በመውረጃ ቦታዎች ነው። ጓንትም ያደርጋሉ። እኔም ማንኛውንም አዛውንት ተማሪ መጀመሪያ ቀን ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ እጠይቃለሁ፣ ሳላፍር።

ቦሁስሌን

ከዚያ በኋላ ያቆማሉ ብዬ ነበር። ልጆቻቸውም ያንን ጠብቀው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ገንዳ ውስጥ ያንን ገመድ ተለማመዱ፤ በቁጥር 22 ጊዜ፣ ግማሹን እትዬ ወዳቂ ሆነው። እኔ ሳልጠይቅ።

በ2025 የስዊድንን ምዕራብ ዳርቻ፣ ቦሁስሌንን መረጡ። ምርጫው የእነሱ ነው፣ ምክንያቱን ሲነግሩኝ ኮራሁባቸው። እዚያ የባህሩ ሙላትና ጉድለት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃው አይጥላችሁም፣ ከንፋስ ጋር የሚጋጭ ኃይለኛ ፍሰትም አያስቸግርም። ዳርቻው ድንጋይ ነው፣ ግን የበረዶ ግግር ለሺህ ዓመታት ያለሰለሰው ግራናይት ስለሆነ ወደ ውሃው እንደ ዝሆን ጀርባ አዘቅዝቆ ነው የሚገባው። ደሴቶቹ ብዙ ናቸው፣ መውረጃ በየደቂቃው አለ። በሕዝብ የመንቀሳቀስ መብት ከሰው ቤት ራቅ ብሎ ለአንድ ሁለት ሌሊት ድንኳን መትከል ይቻላል፤ ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት የተከለከሉትን ደሴቶች ብቻ አይቶ ማለፍ ነው። ጋሼ 70 ሞልቷቸዋል፣ እትዬ 67። 14 ቀን ቆይተው ስምንቱን ቀን ቀዘፉ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ባህሩ መስታወት ነበር። ንፋስ የለም፣ ደመና የለም። ጋሼ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከጀልባው ርቀው፣ እንደ ሕጉ ጠየቁ።

«አልወጣም» አሉ እትዬ።

ጋሼ ባህሩን አዩት። እትዬ እንደነገሩኝ ረዘም አድርገው አዩት። ከዚያ ሄደው ሌሊት የተሰቀለውን ልብሳቸውን አገላብጠው ሌላኛው ጎኑ እንዲደርቅ መቅዘፊያው ላይ መልሰው ሰቀሉት፣ መጽሐፋቸውን ይዘው መጡና ድንጋዩ ላይ ከጎናቸው ተቀመጡ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። እኔም ይሄን ስጽፍ እትዬን ልጠይቃቸው ብዬ ነበር፣ ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት በ12 ሰዓት እትዬ ተነስተው ልብሳቸውን አጥፈው ጨርሰው ነበር። ጋሼ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ እትዬ ሳይጠየቁ «እወጣለሁ» አሏቸው።